ስለ ጠላ ቤቶች ንጽሕና የተደረገ የአንድ ቀን ጉዞ

ባለፈው ጥር ወር፣ ገብሱ ከአውድማ ገብቶ ባለቀበት ሰሞን፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ሃያ ስምንት ሆነን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሣን። አብዛኞቻችን መምህራን ስንሆን የቀረነው የጤና አጠባበቅ ሠራተኞች ነን። የጉዟችን ዓላማ በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ በሚገኙት ከተሞች ጠላ እየጠመቁና ጠጅ እየጣሉ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩትን ሴቶች ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በዓይናችን ለማየት ነበር። ወሬውን የሰሙ ባልንጀሮቻችን «የመጠጥ ጉብኝት ነው» እያሉ ሣቁብን። እኛም ሳንቀምስ እንመለሳለን ብለን አልዋሸናቸውም።

ለገጣፎን ካለፍን በኋላ አንድ የታሪክ መምህር ከመቀመጫቸው ተነሥተው ስለ ለንደን ከተማ አንድ ወግ አወጉን። በ1854 እ.ኤ.አ. ብሮድ ስትሪት በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ሕዝቡን በፈጀ ጊዜ ዶክተር ጆን ስኖው የበሽታው ምንጭ የሰፈሩ የውኃ ፓምፕ መሆኑን ደረሰበት። ከፓምፑ አጠገብ ግን ከ70 የሚበልጡ ሠራተኞች የነበሩት አንድ የቢራ መጥመቂያ ነበረ፤ ከእነርሱም መካከል በኮሌራ የሞተ አንድም ሰው አልተገኘም። ሠራተኞቹ በየቀኑ ቢራ ይታደላቸው ስለ ነበር ከፓምፑ አይጠጡም፤ መጥመቂያውም የራሱ ጥልቅ ጉድጓድ ነበረው። መምህሩም «እንግዲህ ጠላ ከውኃ ይሻላል የሚሉት አዛውንት አልተሳሳቱም» ብለው ተቀመጡ። አውቶቡሱ በሙሉ አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን።

መጀመሪያ የገባንበት ቤት እንደ ልማዱ በረጅም ዕንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተሰቀለበት ነበር። ባለቤቲቱ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ስለ ሆኑ ሁላችንም «እትዬ» እያልን ጠራናቸው። ከሥራቸው ሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የጋኑ አያያዝ ነው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ደጋግመው ፈተጉት፤ አለቀለቁት፤ አፉንም ወደ ታች ደፍተው በወይራ ጭስ አጠኑት። የታጠነ ጋን ለጠላው መዓዛ ይሰጠዋል፤ የጋኑንም ውስጥ ያደርቀዋል። በአንድ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ድስት እንዲህ ሲታጠብ አላየንም።

ጥጅቱ፣ ማለትም በውኃ የተዘፈዘፈው ጌሾ፣ ሦስት ቀን ያህል ቆይቷል። ብቅልና ቂጣ ተጨምሮበት ጥንስስ ሆኗል፤ ቀጥሎም እንኩሮው ገብቶበት ድፍድፍ ሆኖ አፉ ተመርጎ ከርሟል። ብቅሉ ከመፈጨቱ በፊት ሻጋታ የታየበትን ሁሉ እየለቀሙ እንደሚጥሉ ነገሩን። ይህ ልማድ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከሻጋታ የሚወጣ መርዝ በእሳት ኃይል አይጠፋምና። ጌሾውም ከምሬቱ ጋር አንዳንድ ተሐዋስያንን የማዳከም ኃይል አለው፤ ድፍድፉም እየቦካ ሲሄድ ይኮመጥጣል። ስለዚህ እስከዚህ ድረስ ሥራው በብልኃት የተሠራ መሆኑን በማስታወሻችን ጻፍን።

ከዚያ በኋላ እትዬ የጋኑን ምርጊት ከፈቱ። ከግቢው ጥግ አንድ ጀሪካን አምጥተው ውኃውን እንዳለ በድፍድፉ ላይ ሞሉበት። «ይህ ውኃ የፈላ ነውን?» ብለን ጠየቅን።

«ጠላ እኮ ነው ልጆቼ፤ ጌሾው የማይችለው ምን አለ?» አሉን።

የለንደኑ ወግ የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የቢራ ጠማቂ ውኃውንና ብቅሉን ጌሾ መሰል ተክል ጨምሮ አስቀድሞ ያፈላዋል፤ ከፈላ በኋላም ጥሬ ውኃ አይጨምርበትም። በእኛ አገር ጠላ ግን ከውኃው የሚበዛው የሚገባው ድፍድፉ ከበሰለ በኋላ፣ ከመጠጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ያን ጊዜ የአልኮሉ ኃይል ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ቢሆን ነው፤ ኮምጣጤነቱም በውኃው ይቀጥናል። የተቅማጥና የተስቦ ተሐዋስያን በውኃው ውስጥ ካሉ በእንዲህ ያለ መጠጥ ውስጥ ወዲያው ይሞታሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። የታሪክ መምህሩ ይህን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማስታወሻ ደብተራቸውንም አውጥተው ጻፉ።

ከመካከላችን አንድ ወጣት መምህር ግን ነገሩን በትዕግሥት አልያዘውም። «እንዴት ለሰው ይህን ይሸጣሉ?» ብሎ በሰው ፊት ገሠጻቸው። እትዬ አልተቈጡም። «ቧንቧው በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም በሌሊት ነው። የጋኑን ውኃ ሁሉ ላፍላ ብል ዕንጨቱ ትርፌን ይበላዋል። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባሁት በዚህ ጋን ነው፤ አንተ ጌታዬ፣ የትኛውን ልተው?» አሉት። ለዚህ ከእኛ ወገን መልስ ያዘጋጀ አልነበረም።

በዚህ መካከል ስድስት ዓመት የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ከጓዳ ብቅ ብሎ አንድ ጣሳ ቅራሪ ይጠጣ ጀመር። ቅራሪ ማለት ዋናው ጠላ ከተጠለለ በኋላ በአተላው ላይ እንደገና ውኃ ተጨምሮበት የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ነው። አያሰክርም ተብሎ ለሕፃናት ይሰጣል። ነገር ግን ጥሬው ውኃ የሚበዛው፣ ጌሾውም አልኮሉም የሚያንሰው በእርሱ ነው፤ የሚጠጡትም ተቅማጥ ቶሎ የሚጐዳቸው ልጆች ናቸው። ቀጭን ቢሆንም ከአልኮል ጨርሶ የነጻ ስላልሆነ ለልጅ አካል አይስማማም። ወጣቱ መምህር ጣሳውን አይቶ ዝም አለ። በኋላ በአውቶቡሱ ውስጥ፣ ጠዋት ሆዳቸውን ይዘው የሚመጡትን ተማሪዎች ቁርሳቸው ምን እንደ ነበር ጠይቋቸው እንደማያውቅ ነገረን።

ከእትዬ ጋር ተቀምጠን ያገኘነው መላ እነሆ። ለመጥለያ የሚሆነው ውኃ ሁሉ በአንድ ቀን መፍላት የለበትም። እንኩሮው ተነኵሮ ሲያበቃ ከምጣዱ ሥር የሚቀር ብዙ ፍም አለ፤ በዚያ ላይ ትልቁ ድስት ተጥዶ ጥቂት ጭራሮ ቢጨመርበት አንዱ እሳት ለሁለት ሥራ ይውላል። የፈላውም አፉ ጠባብ በሆነ ዕቃ ተከድኖ ይቀመጣል። ዕንጨት በሌለበት ቀን የውኃ ማከሚያ መድኃኒት በላዩ በተጻፈው መጠን በጠራ ውኃ ላይ ጨምሮ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ ይቻላል። መድኃኒቱ በድፍድፉ ላይ ቢደረግ ግን ኃይሉ በአተላው ይባክናል። ደጋ ላይ ውኃ ቶሎ እንደሚፈላም ማሰብ ያሻል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን ውኃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይንፈቀፈቃል፤ ስለዚህ አረፋው እንደ ታየ ድስቱን ማውረድ ሳይሆን ሦስት ደቂቃ ሙሉ እንዲንተከተክ መተው ነው።

አሁን የራሳችንን ነውር እንናገር። እኛ ሃያ ስምንት ነበርን፤ የእትዬ ጣሳዎች ግን ስምንት ነበሩ። ወደሚቀጥለው ከተማ ለመድረስ እየቸኰልን «ቶሎ ይቅዱልን» ስላልን አንዱ የጠጣበት ጣሳ በአንድ ሳፋ ውኃ እየተነከረ ለሌላው ይሰጥ ነበር። ስንነሣ የሳፋው ውኃ መልኩ እንደ ጠላው ሆኖ ነበር። ጣሳችንን ከቤታችን ይዘን መምጣት እንችል ነበር፤ ይህን ግን ስለ ንጽሕና ለመመርመር ከወጣነው ሁሉ አንድም ሰው አላሰበውም። የዚያን ሌሊት ሁለቱ ባልደረቦቻችን ሆዳቸውን ታመው አደሩ። ከእትዬ ውኃ ይሁን፣ ከሳፋው፣ ወይስ በመንገድ ከበሉት ጥብስ ለመለየት አልተቻለም፤ እኛ ግን የምንጠረጥረው ሳፋውን ነው።

በደብረ ብርሃን የገባንበት ጠጅ ቤት ብዙ አላቆየንም። ጠጁ ጥሩ ማር እንደ ገባበት ያስታውቃል፤ ኃይሉም ከጠላው እጥፍ ያህል ስለ ሆነ ከአንዳንድ ብርሌ በላይ እንዳይቀዳ ተስማማን። ሹፌራችን ገና ያልቦካ ብርዝ ብቻ እንዲጠጣ ጠዋት ተነጋግረን ነበርና ቃሉን ጠበቀ። ለእኛ ጥያቄ የሆነብን የብርሌው አንገት ነው፤ እጅ አያስገባም፤ በማለቅለቅ ብቻ ውስጡ ጠርቷል ማለት አይቻልም። የቤቱ አሳላፊ ግን ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ አውጥቶ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ሲያጥብ አሳየን። ብርሌዎቹን ከጠጪው ቍጥር በእጥፍ አብዝቶ ስለ ያዘ የታጠበው ተደፍቶ የሚደርቅበት ጊዜ ያገኛል። የብሩሹ ዋጋ ከአንድ ብርሌ ጠጅ አይበልጥም አለን።

ከጉዞው በኋላ በመካከላችን ገንዘብ አዋጥተን ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲና ሃያ ጣሳ ገዛን። ወጣቱ መምህር «እኔ አደርሳለሁ» ብሎ በየካቲት ወር ለእትዬ ወሰደላቸው። ተመልሶም የነገረን ይህን ነው፦ ጣሳዎቹ ከባልዲው በሚወርድ ውኃ እየታጠቡ በመደርደሪያ ተደፍተዋል፤ የጠላው ውኃ ከእንኩሮው በኋላ በሚተርፈው ፍም እየፈላ ነው፤ ቧንቧው በማይመጣበት ሳምንት ግን ከወንዝ የተቀዳው እንዳለ እንደገባ እትዬ ራሳቸው አልደበቁትም። ለልጁ ቅራሪ መስጠት ትተዋል፤ በምትኩ የፈላ ውኃ በትንሽ ማሰሮ ለብቻው ይቀመጥለታል። እትዬም መምህሩን በሩ ድረስ ሸኝተው፣ በሚመጣው ጊዜ ስንመጣ ከሃያ እንዳንበልጥ አደራ ብለውታል።