አዲስ ቴአትር ሲከፈት የጎፋ ወጣት የት ነው?

አዲስ ቴአትር በዚህ ወር ይከፈታል የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር ከብዙ ወጣቶች አፍ የሚሰማው መልስ አንድ ነው። «እስቲ ጥሩ መሆኑን እንስማና እንሄዳለን» ይላሉ። ይህ አነጋገር ለሰሚው ብልኅነት ይመስላል፤ ለቴአትሩ ግን ክፉ ዕጣ ነው። ሁሉም ሌላው አይቶ እንዲነግረው የሚጠብቅ ከሆነ፥ ቀድሞ የሚያየው ማን ሊሆን ነው?

እርግጥ የጎፋ ነዋሪ ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት አለው። በከተማችን ስማቸው የታወቀው ቤቶች፥ ብሔራዊ ቴአትር በለገሃር በኩል፥ አገር ፍቅርና ማዘጋጃ ቤት በፒያሳ፥ ራስ ቴአትር በመርካቶ፥ ሁሉም የተሠሩት ከጎፋ በስተ ሰሜን ነው። ከጎፋ ማዞሪያ እስከ ሜክሲኮ በታክሲ፥ ከዚያ እስከ ብሔራዊ በእግር መድረስ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው መመለሻው ነው። መጋረጃው ተዘግቶ ሕዝቡ ሲወጣ መሽቷል፤ የታክሲው ሰልፍ ረዝሟል፤ የነገው ሥራ ወይም ፈተና ደግሞ አይቀርም።

ይሁን እንጂ የቴአትሩንም ችግር ማወቅ ይገባናል። አንድ ደራሲ ጽሑፉን ለቴአትር ቤት ካቀረበ በኋላ በገምጋሚዎች ይመረመራል፤ አዘጋጅ ይመደብለታል፤ ተዋንያን ተመርጠው ልምምድ ይጀመራል። ይህ ሁሉ ድካም ሲያልቅ የሚያገኘው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ስለዚህ በአንድ ወር ውስጥ የሚታየው አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ ነው። «ወሬውን ልስማ» ብሎ አንድ ወር የጠበቀ ሰው፥ ወሬው ሳይደርሰው ቴአትሩ ከመድረክ ሊወርድ ይችላል። ከዚህም በላይ አዲስ ቴአትር በመክፈቻው ዕለት ገና አልበሰለም። ተዋናዩ የት ማዘግየት እንዳለበት የሚማረው ከተመልካቹ ሳቅ ነው፤ አዘጋጁም የትኛው ክፍል እንደረዘመ የሚረዳው ተመልካቹ በወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ሲጀምር ነው።

ታሪካችንም ይህንኑ ያስተምረናል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቴአትር ባሳዩ ጊዜ፥ መኳንንቱ ነገሩ እነርሱን የሚነካ ሆኖ ስላገኙት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከዚያም በኋላ መድረኩ ለዓመታት ጸጥ አለ። በዚያ ጊዜ ቴአትሩን ያስቆመው ትእዛዝ ነበር። ዛሬ ግን ባዶ ወንበር ያለ ማንም ትእዛዝ ቴአትርን ሊያስቆም ይችላል።

የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ዛሬ በተማሪ እጅ የሚገኙ የታወቁ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ተማረው ወጣትና ስለ ትዳሩ ነው። እነርሱም ቢሆኑ አንድ ቀን አዲስ ነበሩ፤ ማንም ሳያመሰግናቸው ቀድሞ የተቀመጠ ተመልካች ነበራቸው። ዛሬ የምንኮራባቸው ያ ሰው ወንበሩን ባዶ ስላልተወ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንደኛው በእጃችን ያለ ነው። ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ጓደኞች ጋር አሥር ሆኖ በመክፈቻው ሳምንት መሄድ፥ ለመመለሻውም አንድ ሚኒባስ በጋራ መከራየት ይቻላል። ብቻውን የሚፈራውን መንገድ ሰው በጓደኛ አይፈራውም። ሁለተኛው የቴአትር ቤቶቹ ፈንታ ነው። የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ በተቃረበ ጊዜ ሲመሠረት ሕዝቡን በአደባባይ እየሰበሰበ በንግግርና በዘፈን ያነቃቃ ነበር። ተመልካቹን ወዳለበት ሄዶ መፈለግ እንግዲህ ለቴአትራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ አዲስ ሥራ በወር አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በጎፋ በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ቢታይ፥ በምሽት ጉዞ ምክንያት የሚቀረው ወጣት ሁሉ ይመጣ ነበር።

እስከዚያው ግን አንባቢ ሆይ፥ ማስታወቂያውን ስታይ «ጥሩ ነውን?» ብለህ ሌላውን አትጠይቅ። ሄደህ እይና ጥሩ ከሆነ ለጎረቤትህ ንገር፤ መጥፎም ከሆነ ጉድለቱን ለይተህ ተናገር። ደራሲው ሁለቱንም ይፈልጋቸዋል፤ የማይጠቅመው ዝምታህ ብቻ ነው።