የውስጠኛው ጎማ ለምን ይበልጥ ይዞራል?

ልደታ ሰፈር ያደገ ሰው የኩሽኔታ መኪና አይጠፋውም። ከኋላ ሁለት ኩሽኔታ፣ ከፊት መሐሉ ላይ በአንድ ቡሎን የታሰረ ጣውላ፣ በጣውላው ዳርና ዳር ደግሞ ሌላ ሁለት ኩሽኔታ። ልጁ ጣውላውን በእግሩ ገፋ ሲያደርገው ትታጠፋለች። በወርክሾፕ የምንሠራት ባለአራት ጎማ ተሽከርካሪ እንዲሁ ብትሠራ ምን ነበረበት? እያሉ ብዙ ሠልጣኞች ስለጠየቁን ይህን ጽሑፍ ማቅረብ ግድ ሆነብን።

የአሠራሩ ቀላልነት አይካድም። ነገር ግን ጣውላው በኃይል ሲታጠፍ አንዱ ጎማ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መቆሚያዋ ይጠብና ትገለበጣለች። ሌላው ይብሳል። አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ጣውላው በሙሉ እንደ ረጅም ማንሻ ሆኖ መሪውን ከነጂው እጅ ይነጥቃል። በኩሽኔታ መኪና ቢበዛ ጉልበት ይላጣል፤ ሰው በጫነ ተሽከርካሪ ግን ወሬው ሌላ ነው።

በፈረስ የሚጎተቱ ባለአራት ጎማ ሠረገላዎችም ይኸው ችግር ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1816 የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንስፐርገር አክሰሉ ሳይንቀሳቀስ እያንዳንዱ የፊት ጎማ በየራሱ ፒን ላይ እንዲዞር አደረገ። በ1818 ለንደን ላይ ፓተንቱን ያወጣው ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን ነበርና ዘዴው እስከ ዛሬ በወኪሉ ስም ይጠራል። እንዲህም ያጋጥማል!

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ተሽከርካሪ ሲታጠፍ አራቱም ጎማዎች አንድ ማዕከል መዞር አለባቸው፤ ማዕከሉም ከኋላ አክሰል ጋር በአንድ መሥመር ላይ ነው። የእኛዋ ከፊት እስከ ኋላ አክሰል 150 ሳ.ሜ.፣ በሁለቱ ፒኖች መካከል 100 ሳ.ሜ. ናት። ማዕከሉ ከኋላ አክሰል መሐል 3 ሜትር ቢርቅ ውስጠኛው ጎማ 31 ዲግሪ፣ ውጪኛው 23 ዲግሪ ያህል መታጠፍ አለባቸው። ሁለቱ እኩል ከታጠፉ አንዱ አስፋልቱን እየፋቀ ይሄዳል፤ ጎማም ይበላል፣ መሪም ይከብዳል።

ታዲያ ልዩነቱን ማን ያመጣዋል? ከየጎማው ወደ ኋላ የሚወጡት ክንዶች ናቸው። ቀጥ ብለው ሳይሆን ወደ ውስጥ አዘንብለው፣ መሥመራቸው ቢቀጠል የኋላ አክሰል መሐል ላይ እንዲገናኙ ይደረጋል። ክንዱ 15 ሳ.ሜ. ከሆነ ሁለቱን የሚያያይዘው ዘንግ 100 መሆኑ ቀርቶ 90.5 ሳ.ሜ. ይሆናል። በዚህ ልክ ስናሰላው ውስጠኛው 31 ሲሞላ ውጪኛው 25 ገደማ ላይ ይቆማል። ከሚፈለገው 2 ዲግሪ ያልፋል ማለት ነው፤ በዝግታ ለሚሄድ ተሽከርካሪ ይህ ይበቃል እንላለን። ዘንጉን ከአክሰሉ ፊት ማድረግ የሚፈልግ ግን ክንዶቹን ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ አለዚያ ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል።

ክንዱን ከፌሮ በየድን እንሥራው የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኛ አንቀበለውም። ፌሮ ለኮንክሪት ነው። ፍሬን እንቢ ሲል ነጂው ቢያንስ ወዴት እንደሚሄድ ይመርጣል፤ ክንድ ሲሰበር ምርጫ የለውም። ቴስቲኒውን ከሶማሌ ተራ አሮጌ መግዛት ይቻላል፣ ግን በእጅ ወዝወዝ ተደርጎ የላላው ይመለስ። ዳዶው ሁሉ እንዳይፈታ በቀዳዳው ሽቦ አልፎ ይታጠፍ።

በካርቶን የሠራነው ሞዴል ወርክሾፕ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መምህራንም ሠልጣኞችም መጥታችሁ በእጃችሁ አዙሩት፤ ዲግሪውን የምትለኩበት ፕሮትራክተር አጠገቡ አለ።