ጋሻ የበሳው ሻማ፤ የባሩድ ልክ ፍለጋ ከጣና ዳር እስከ ክሪድሙር

ዛሬ ኳስ የለም። ማለቴ አለ፤ ግን ከቆዳ የተሰፋ ሳይሆን ከእርሳስ የቀለጠ ነው። የባሕር ዳር ልጆች ‹‹ስለ ጣና ሞገዶቹ ጻፍልን እንጂ!›› እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እሱ አይቀርም፣ ታገሱኝ። የኢላማ ተኩስ የሚባል ስፖርት እንዳለ ታውቃላችሁ። በዚሁ ስፖርት ውስጥ የድሮ ሞዴል አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ተይዞ፣ በጥቁር ባሩድ የሚወዳደሩበት ክፍል አለ። የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ጨዋታ ታዲያ መተኮሱ አይደለም፤ ለጠመንጃቸው የሚስማማውን የባሩድ ልክ መፈለጉ ነው። ነገሩን ስከታተለው መንገዱ ዞሮ ዞሮ ወደ ጣና አካባቢ ወሰደኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጁ ቁጥር ብቻ በኛ ነው።)

ጣና ዳር ባሩድን ቀድሞ ያውቃል። በ1543 በወይና ደጋው ውጊያ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም የወደቁት ከፖርቹጋሎቹ ወገን በተተኮሰ ጥይት ነው። ዛሬም የሐይቁን ገዳማት የሚጎበኝ ሰው በግድግዳዎቹ ሥዕል ላይ ጠመንጃ የተሸከሙ ወታደሮች ያያል። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የገረመኝ የጄምስ ብሩስ ነገር ነው።

ይህ ስኮትላንዳዊ በ1770 ጎንደር ገባ። በዚያው ዓመት ጢስ ዓባይንም ግሽ ዓባይንም አይቷል። ጎንደር ውስጥ ከራስ ሚካኤል የወንድም ወይ የእህት ልጅ ከሆነው ከገብረ መስቀል ጋር በአንድ ግብዣ ላይ ስለ ተኩስ ክርክር ገጠሙ። ገብረ መስቀል በተኳሽነቱ የሚኮራ ሰው ነበር። ብሩስ ደግሞ ‹‹በእኔ ጠመንጃ የተጎረሰ የሞራ ሻማ ካንተ ብረት ጥይት የበለጠ ይሠራል›› አይነት ነገር ተናገረ። በቃ፣ ጠብ ሆነ። በኋላ ግን ‹‹እስቲ አሳየን›› ተባለ። ብሩስ ባሩዱን ጨመረ፣ ግማሽ ሻማ ጎረሰ፣ አንድ ላይ የተደራረቡ ሦስት ጋሻዎችን በሳ። በቀረው ግማሽ ደግሞ የሾላ ጠረጴዛ ደገመ። ጋሻው የቆዳ ጋሻ ነው፣ ጦር እንዲመልስ ተብሎ የተሠራ!

ለንደን ሲመለስ ብዙ ሰው የሚያወራውን አላምን አለው። ይሄኛው ግን በሳይንስም ያስኬዳል። ሻማው ለስላሳ ቢሆንም ባሩዱ በቂ ፍጥነት ከሰጠውና ርቀቱ ቅርብ ከሆነ ለመፈረካከስ ጊዜ አያገኝም። ጥይቱን ያየ ተሸወደ፤ ሥራውን የሠራው የባሩዱ ልክ ነው። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ አንድ ጎራሽ ይዘው የሚለፉት ሰዎች የሚያሳድዱት ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ መጡ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ ብረት ወራት ፈጅተው መቅደላ ድረስ አስጎተቱት። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 አሮጌ ላይ ግን ከተራራው ወደ ታች የተተኮሱት መድፎች ብዙም የጎዱት ሰው አልነበረም። የእንግሊዞቹ እግረኛ በአንጻሩ ስናድር ይዞ ነበር። ከኋላ በኩል የሚጎርስ፣ ባሩዱ ፋብሪካ ውስጥ ተመዝኖ በቀልሃ የታሸገ ማለት ነው። የኛዎቹ በአፈሙዝ አንዴ እስኪያጎርሱ እነሱ ደጋግመው ይተኩሱ ነበር። 700 ያህል የኛ ሰው አለቀ፤ ከነሱ የሞተው ሁለት ነው። ይህን ውጤት ለመጻፍ እጅ ይከብዳል።

አሁን ወደ ስፖርቱ እንግባ። መስከረም 26 ቀን 1874፣ ኒውዮርክ አጠገብ ክሪድሙር የሚባል ሜዳ። አየርላንድ ከአሜሪካ። አየርላንዶቹ ከአንድ ዓመት በፊት እንግሊዝ ላይ የኤልቾን ጋሻ ዋንጫ የወሰዱ፣ በአፈሙዝ በሚጎርስ የሪግቢ ጠመንጃ የሚተኩሱ ኮከቦች ናቸው። አሜሪካኖቹ ግማሾቹ ሻርፕስ፣ ግማሾቹ ሬሚንግተን ይዘዋል፤ ሁለቱም ከኋላ የሚጎርሱ አንድ ጎራሾች ናቸው። ስድስት ስድስት ሰው፣ ከ800፣ ከ900 እና ከ1000 ያርድ። 1000 ያርድ 914 ሜትር ነው፤ ዘጠኝ የኳስ ሜዳ በቁመት ደርድሩና ከዚህኛው ጎል ያኛውን ጎል ምቱ እንደማለት ነው።

ከአየርላንዶቹ አንዱ፣ ሚልነር የሚባለው፣ አነጣጥሮ ልክ መሐሉን መታ። ችግሩ የመታው የጎረቤቱን ኢላማ ነው! ዜሮ ተሰጠው። መሐሉን መምታት 4 ነጥብ ነበር። ኦን ጎል ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። መጨረሻ ላይ አየርላንድ 931፣ አሜሪካ 930 ሆነው አንድ ተኩስ ቀረ። ተኳሹ ኮሎኔል ቦዳይን ከመተኮሱ በፊት የለስላሳ ጠርሙስ እጁ ላይ ፈንድቶ ቆረጠው። እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ ተኛ፣ ተኮሰ፣ መሐሉን አገኘ። 934 ለ 931። በባከነ ሰዓት እንዲህ ያለ ጎል ስንት ጊዜ አይታችኋል?

ነገሩን ከኛ ጋር የሚያገናኘው ያ ሬሚንግተን ነው። የግብጹ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል ያንኑ ዓይነት አሠራር ያለው ሬሚንግተን ለሠራዊቱ በብዛት አስገዝቶ ነበር። ከክሪድሙር አንድ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎም በመጋቢት 1876 ጉራ ላይ፣ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ግብጾቹን ሲደመስስ በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን ማረከ። ጉራ ላይ ከግብጾቹ መኮንኖች መካከል ሎሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ጄኔራልም ነበር። ኒውዮርክ ላይ ዋንጫ የበላው ጠመንጃ ታናሽ ወንድም በኛ ገበሬ ትከሻ ላይ ሆነ ማለት ነው። በኋላ በብዛት የገባው የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ነው፤ ሕዝቡ በራሱ አፍ ‹‹ውጅግራ›› አለው። ቀልሃው ውስጥ 5 ግራም ከሩብ ባሩድ፣ ጫፉ ላይ 25 ግራም እርሳስ አለው። የውጅግራ ጥይት በገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው የዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ያገለገለበት ጊዜም ነበር። (በጥይት የሚገበያይ ሰው ባሩዱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን እንዴት ነበር የሚያረጋግጠው? እኔ ብሆን እያንዳንዷን እየነቀነቅኩ ነበር የምቀበለው።)

ልክ ፍለጋው እንዲህ ነው። ጥቁር ባሩድ ድኝ፣ ከሰልና ከአፈር የሚወጣ ጨው ነው። ሲቃጠል ከክብደቱ ግማሽ በላዩ ጋዝ አይሆንም፤ ጭስና ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል። ጥቀርሻው አፈሙዙ ውስጥ ይለጠፋል፤ የሚቀጥለው ጥይት በሌላ በርሜል ውስጥ የሚሄድ ያህል ይሆናል። ስለዚህ አንዱ በየተኩሱ መሐል በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፤ ሌላው በቀጭን ቱቦ ትንፋሹን ወደ በርሜሉ እየነፋ ጥቀርሻውን ያለሰልሳል። ትንፋሽ! ስንት ሺህ ዶላር የወጣበት ጠመንጃ በሰው ትንፋሽ ይስተካከላል። ጥይቱ ላይ የሚቀባው ደግሞ ሰምና ሞራ ነው። ሁለቱም ለጎጃም ሰው ብርቅ አይደሉም፤ ሰሙ የጧፋችን ሰም፣ ሞራውም የብሩስ ሻማ ነው።

ባሩዱ ቀልሃው ውስጥ በረጅም ቱቦ ቀስ ተብሎ ይፈሳል፤ ጤፍ በቁና ሲሰፈር ቀስ ብለህ ካፈሰስከው የበለጠ እንደሚይዘው ማለት ነው። በባሩዱና በእርሳሱ መሐል ባዶ ቦታ መተው ክልክል ነው፤ በርሜል ያበላሻል። ከዚያ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዛሬ የባሩዱ መጠን በቅንጣት፣ ነገ የእርሳሱና የቆርቆሮው ቅይጥ፣ ከነገ ወዲያ ጥይቱ የሚጠቀለልበት ወረቀት። በእያንዳንዱ አምስት ወይ አስር ይተኮሳል፣ ይለካል፣ ይጻፋል። ሁለቱን አንዴ የለወጠ የትኛው እንደሠራለት አያውቅም። በየሳምንቱ አሰላለፉን ሙሉ በሙሉ የሚገለባብጡ አሰልጣኞቻችን ቢሰሙ ጥሩ ነበር።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከወደብ ከተማ አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። መጋቢት 2021 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ባሸነፍንበት ስታዲየም ኳስ ከሩቅ ሲለጋ የሚረዝመው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዘጠኝ ሜዳ ርቀት ኢላማው ጋ ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ገደማ የሚፈጅ ከባድ እርሳስም እዚያ ቢተኮስ ፍጥነቱን ብዙ አይቀማም፤ ለንደን የሠራ ልክ ጣና ዳር ከፍ ይላል። የበጋው ደረቅ አየር ጥቀርሻውን ድንጋይ ያደርገዋል፣ የክረምቱ እርጥበት ያለሰልሰዋል። ያው አንዱ ጠመንጃ በጥርና በነሐሴ ሁለት ልክ ይፈልጋል ማለት ነው።

‹‹ታዲያ እኛስ?›› የሚል ይኖራል። ይሄ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ በጥቁር ባሩድ ፋንታ ዘመናዊውን ጭስ አልባ ባሩድ አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ የከተተ ደግሞ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ከነሐሴ 2023 ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት የተኩስ ድምፅ ስንቱን ቤት እንዳስለቀሰ ለባሕር ዳር አንባቢ አልነግረውም። ሠርግና ድል ሲሆን ወደ ሰማይ መተኮሱንም እኔ በበኩሌ ወድጄው አላውቅም፤ የወጣው እርሳስ የሆነ ሰው ጣራ ላይ መውረዱ አይቀርም። የክሪድሙሮቹ ጨዋታ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ምናልባት አርባ ጥይት ይተኩሳል፤ ማታ የሚያወራችሁ ስለ ንፋስ፣ ስለ ወረቀትና ስለ ሰም ነው። በአፈሙዝ የሚጎርሱት ከ1971 ጀምሮ የራሳቸው የዓለም ሻምፒዮና አላቸው፤ እዚያ ከሚሰለፉት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ጋፋት ላይ መድፍ ሲቀልጥ በነበረበት ዘመን የነበሩ፣ ወይም በዚያው ልክ አዲስ የተሠሩ ናቸው።