ርካሽ ኪራይ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፦ ተረትና እውነታ ከደዶ

የደዶ ወረዳ ከተማ ሸኪ ከጅማ በስተደቡብ ትገኛለች። እንዲህ ባለች ከተማ መስከረም ሲጠባ ክፍል ፈላጊው ይበዛል፤ ከገጠር ቀበሌ ስንቁን ተሸክሞ የሚመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ አዲስ የተመደበ መምህር፣ የጤና ባለሙያ። ቡና ሲደርስ ደግሞ ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው ይጨመራል። አቅሙ አነስተኛ የሆነ ሰው የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ ከተሠራ የጭቃ ቤት አንዷን ክፍል ነው፤ እንጨትና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ።

ጅማና አካባቢዋ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛሉ። ዝናቡም ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የጭቃ ቤት በራሱ መጥፎ ቤት አይደለም። ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ወጣ ያለ ከፈፍና በየጊዜው የሚታደስ ምርጊት ካለው ከአንድ ትውልድ በላይ ይቆማል። እነዚህ ሲጓደሉ ግን ጉዳቱን መጀመሪያ የሚቀምሰው ውስጡ የሚተኛው ተከራይ ነው። ያኔ ክርክር ይነሳል። በክርክሩ የሚደመጡት አባባሎች ደግሞ አብዛኞቹ ከሕጉም ከቤቱ ጠባይም ጋር አይገጥሙም።

«ቤቱን አይተህ ነው የገባኸው፤ ኪራዩም ርካሽ ነው»

ከሁሉም የበረታው ይህኛው ነው፤ የበረታውም ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ተከራይ ሲገባ በዓይኑ ያየውን፣ ለምሳሌ የክፍሉን ጥበት ወይም የመስኮቱን ማነስ፣ አውቆ ተስማምቶበታል። በኋላ ተነስቶ «ለምን ጠበበኝ» ቢል ሰሚ አያገኝም። ከዚህ ያለፈው ግን ስህተት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2896 ጀምሮ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ በዝርዝር ይደነግጋል። አከራይ ቤቱን ለተከራየበት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ ማስረከብ አለበት፤ ውሉ እስካለም ድረስ በዚያው ሁኔታ የማቆየት ግዴታ አለበት። ሕጉ ይህን ግዴታ የጣለው በሁሉም አከራይ ላይ ነው፤ «ኪራዩ ከዚህ ብር በታች ከሆነ ይቅር» የሚል መስመር የለውም። ስለዚህ በመስከረም ደህና የነበረ ጣሪያ በሚያዝያ ቢያፈስ «አይተህ ነው የገባኸው» የሚለው መልስ አያዋጣም፤ ተከራዩ ሲገባ ያየው የማያፈስ ጣሪያ ነበርና።

ተከራይም ነፃ አይደለም። በአጠቃቀም የሚበላሹ ጥቃቅን ነገሮች፣ እንደ በርና መስኮት፣ እንደ ወለል ንጣፍ፣ እንደ ቧንቧ መክፈቻ ያሉት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በእሱ ላይ ይወድቃሉ። በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሲበላሹ ግን ወጪው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በአጭሩ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ምሰሶውና መሠረቱ የባለቤቱ ናቸው፤ የዕለት አያያዙ የተከራዩ ነው።

በዚህ አካባቢ ከዝናቡ ሌላ የጭቃ ቤት ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ ምሰሶውን ከውስጥ ይበላና ላዩን ደህና አስመስሎ ይተወዋል። ምሰሶ መለወጥ የባለቤቱ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ግድግዳው ላይ የምስጥ አፈር ሲወጣ እያየ ዝም ያለ ተከራይ ጉዳቱ እንዲሰፋ አግዟል። ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ወይም ጅማ ከተማ የሚኖር ከሆነ ቤቱን በየቀኑ የሚያየው ዓይን የተከራዩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያየውን ወዲያውኑ መናገር አለበት። ግድግዳው ወደ መንገድ ወድቆ መንገደኛ ወይም ጎረቤት ቢጎዳ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 የሕንፃውን ባለቤት ተጠያቂ ያደርጋል፤ ጉዳቱ ያልተጠበቀ መሆኑ እንኳ አያድነውም። ይህን የሚያውቅ አከራይ ምሰሶ ለመለወጥ ሁለተኛ አያስጠይቅም።

እዚህ ላይ ስለ አከራዮቹ አንድ ነገር ሳይባል መታለፍ የለበትም። በትናንሽ ከተሞቻችን ከሚያከራዩት ብዙዎቹ ባለጸጎች አይደሉም። ከሁለት ክፍል ኪራይ የወር አስቤዛቸውን የሚሸፍኑ እናቶችና ጡረተኞች ይገኙባቸዋል፤ ቆርቆሮ በጨመረ ቁጥር እነሱም ይጨነቃሉ። መፍትሔው ግን ግዴታውን መሰረዝ ሊሆን አይችልም። የሚሠራው ሌላ መንገድ ነው፦ ተከራዩ ቆርቆሮውንና ምስማሩን ይገዛል፣ ወጪው ከቀጣዮቹ ወራት ኪራይ ላይ ይቀነሳል። ስምምነቱ ስንት ብር፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሆነ በወረቀት ይሰፍራል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ምስክርም ይፈርማል። «እትዬ፣ እኔ አስጠግኜ ከኪራዩ እናስብ» ተብሎ በቃል የተጀመረ ነገር በሦስተኛው ወር ጠብ ይሆናል።

«ሻጋታው የመጣው ከምታበስሉት ወጥ ነው»

አከራይ «በር ዘግታችሁ ስለምታበስሉ ነው» ይላል፤ ተከራይ «ቤቱ የበሰበሰ ነው» ይላል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ማን እንደተሳሳተ ግን ግድግዳው ራሱ ይናገራል። እርጥበቱ ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት ድረስ በአግድም ከታየ ከመሬት እየተሳበ ነው፤ መሠረቱ ዝቅ ብሏል፣ ወይም ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ የሚሄድበት ቦይ የለውም። ከላይ ከጣሪያው ሥር ጀምሮ ወደ ታች የወረደ ቡናማ ዥረት ካለ ቆርቆሮው ወይም ምስማሩ አፍስሷል። እነዚህ ሁለቱ የባለቤቱ ናቸው፤ ተከራዩ ቢያበስልም ባያበስልም ይመጣሉ። ጥቁሩ ሻጋታ በክፍሉ ማዕዘን፣ ከአልጋው ጀርባ ወይም ከቁም ሳጥኑ በስተኋላ ብቻ ከሆነ ግን የእስትንፋስ፣ የማብሰያና የታጠበ ልብስ እርጥበት መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ያኔ ዕቃውን ከግድግዳው ማራቅና መስኮቱን መክፈት የተከራዩ ፈንታ ነው። የሚከፈት መስኮት ከሌለው ደግሞ ነገሩ ዞሮ ወደ ቤቱ ሠሪ ይመለሳል።

ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ በእርጥብ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም እንደሚጋለጡ አስፍሯል። ከሁሉ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ አዋብ ኢሻቅ የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሞተ። ወላጆቹ ከሱዳን የሄዱ ናቸው፤ ስለ ሻጋታው በተደጋጋሚ ለአከራያቸው ድርጅት አመልክተው ነበር፤ ጥፋቱ ግን በአኗኗራቸው ተመካኘ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረው ችሎት ሕፃኑ የሞተው ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ በመጋለጡ መሆኑን ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት እንዲህ ያሉ አከራይ ድርጅቶች ሻጋታን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያስወግዱ የሚያስገድድ ድንጋጌ በስሙ ተጠርቶ ወጣ። ሀብታም በሚባል አገር እንኳ «የእናንተ ወጥ ነው» የሚለው አባባል ሕፃን ገድሏል።

ከሰል ደግሞ ለብቻው ይነገር። ብርድ ባለበት ሌሊት ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስዳል። ጢሱ ስለጠፋና ፍሙ ስለቀላ አደጋው አልፏል የሚለው እምነት ሐሰት ነው፤ ፍሙ እስኪጠፋ ድረስ ጋዙ ይወጣል። ይህ ጥንቃቄ የተከራዩ ነው። ለአምስት ክፍል አንድ ማብሰያ ጥግ እንኳ ያልሠራ አከራይ ግን ተከራዮቹን ወደዚህ አደጋ እየገፋቸው እንደሆነ ይወቅ።

ወደ ጎጀብ በሚወርደው ቆላማ የደዶ ክፍል በግድግዳውና በጣሪያው መካከል የሚተወው ክፍተት ሌላ ጣጣ አለው፤ የወባ ትንኝ መግቢያ ይሆናል። ክፍተቱን በወንፊት መድፈን ከቆርቆሮ በጣም ያነሰ ወጪ ነው።

«ያልተጻፈ ውል ውል አይደለም»

በፍትሐ ብሔር ሕጉ የቤት ኪራይ ውል በቃልም ይጸናል፤ በምስክርም ማስረዳት ይቻላል። አዲሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን ወደ ጽሑፍ አምጥቶታል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ቀድሞ ነው፤ በክልል ከተሞች አፈጻጸሙ በክልሉ እጅ ስለሆነ ደዶ ላይ ውል የሚፈራረም ሰው ምዝገባ መጀመሩን አስቀድሞ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ይጠይቅ። ቢጀመርም ባይጀመርም የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ከአከራዩም ከተከራዩም ጋር ነው።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ስፈልግ እገባለሁ፣ ስፈልግ አስወጣለሁ»

ባለቤትነቱ የእሱ ነው፤ መኖሪያነቱ ግን ውሉ እስካለ ድረስ የተከራዩ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትና የመኖሪያ ቤት ክብርን ሲጠብቅ የቤት ባለቤትና ተከራይ ብሎ አልለየም። ጣሪያ ለማየት መግባት ተገቢ ነው፤ አስቀድሞ ተነግሮና ተከራዩ ባለበት ከሆነ። ቁልፍ መለወጥ፣ መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ አውጥቶ ግቢ ላይ መጣል ግን ማስለቀቅ አይደለም። ማስለቀቅ የሚችለው ፍርድ ቤት ነው። ጥገና ስለጠየቀ ብቻ «ልቀቅ» የተባለ ተማሪ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ብዙ ጊዜ ግን ፈተና ደርሶበት ስለሆነ ዕቃውን ይዞ ይወጣል፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

«ካልጠገነ ኪራይ አልከፍልም»

ይህ የተከራዮች ተረት ነው፤ ብዙ ሰውም ከስሮበታል። ኪራይ ያቋረጠ ተከራይ የነበረውን መብት በገዛ እጁ ያዳክማል፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ስለ ጣሪያው ሳይሆን ስለ ውዝፉ ይጠየቃል። የውል ሕጉ በቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ኪራዩ ይከፈል፤ የጥገናው ጥያቄ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ቅጂው ይያዝ። ከዚያ በኋላ ነው እንዲጠገን፣ ኪራዩ እንዲቀነስ ወይም ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚያምረው።

«የቀበሌ ቤት ባለቤት የለውም»

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩም ተቀነሰ፤ ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ያ ዝቅተኛ ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ፤ የቆርቆሮና የእንጨት ዋጋ ግን ወጣ። ከቤቶቹ የሚሰበሰበው ገንዘብ ቤቶቹን ማደስ አቃተው። በጅማ አሮጌ ሰፈሮች ጎብጠው የሚታዩት ብዙ ቤቶች የዚህ ስሌት ውጤት ናቸው። ግን ባለቤት አላቸው፤ ባለቤታቸው መንግሥት ነው። ተከራዩ በየጊዜው በራሱ ኪስ እየጠገነ ኖሮ ይሆናል፤ ያም ቤቱን የእሱ አያደርገውም፤ ያለ ፈቃድ ማስፋትም አይችልም። የጥገና ማመልከቻውን ቤቱን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ማስገባት፣ በራሱ ሲጠግንም ፈቃዱን በጽሑፍ መቀበል ይገባዋል።

«ለቆርቆሮ ብሎ ፍርድ ቤት ማን ይሄዳል»

ፍርድ ቤት የመጀመሪያው በር መሆን የለበትም። ሽማግሌ አለ። በኦሮሚያ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና አግኝተዋል፤ ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ቅርባቸው ሆነው ያያሉ። እዚያም ቢሆን ማስረጃ ያስፈልጋል፦ ውሉ ወይም የውሉ ምስክር፣ የኪራይ ደረሰኝ ወይም የባንክ ወረቀት፣ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ቅጂ፣ ቀኑ የታወቀ የግድግዳው ፎቶ። ሲገቡ የተነሳ ፎቶ ካለ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምን እንደተበላሸ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተበላሸ ያሳያልና።

ጊዜውም ይታሰብበት። ጣሪያ የሚያፈስበትን ቦታ በነሐሴ ማወቅ ቀላል ነው፤ በነሐሴ ማስጠገን ግን አይሆንም። ጭቃው አይደርቅም፣ አናጢውም እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይወጣም። በዚህ አገር ቡና ከጥቅምት እስከ ጥር ይለቀማል፤ በጥርና በየካቲት ደረቅ ነው፣ ከቡና ሽያጭ የሚገኘውም ብር በሰው እጅ ይገባል። አከራይና ተከራይ አብረው ቤቱን ዞረው የሚያዩበት፣ የሚለወጠውን ቆርቆሮ የሚቆጥሩበትና ወጪውን የሚስማሙበት ወቅት ይህ ነው፤ መጋቢት ከገባ ዝናቡ ይቀድማቸዋል።