በትንሽ ገንዘብ ፈጣን መኪና፦ የ«ሆት ሮድ» ፊዚክስ

አንድ ያረጀ፣ ቀርፋፋ መኪና አላችሁ እንበል። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ መኪናው ግን እንዲፈጥንላችሁ ትፈልጋላችሁ። መጀመሪያ ምን ትገዛላችሁ? ብዙዎቻችሁ «ትልቅ ሞተር!» እንደምትሉ እገምታለሁ። መልሱ ግን ሌላ ነው። እንዲያውም የመጀመሪያው እርምጃ ምንም አይገዛበትም።

ይህን ጥያቄ ከዘጠና ዓመት በፊት በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ የነበሩ ወጣቶች ጠይቀውታል። አሮጌ መኪና በርካሽ ገዝተው፣ ክብደቱን ቀንሰው፣ ሞተሩን አሻሽለው በቤታቸው ግቢ የሠሩት መኪና «ሆት ሮድ» ይባላል። አብዛኞቹ ኢንጂነሮች አልነበሩም። ግን የሚነኩትን ነገር ሁሉ ፊዚክስ ይገዛው ነበር። እስኪ እርምጃቸውን አንድ በአንድ እንከተል።

ርካሽ መኪናው ከየት መጣ?

የፎርድ ኩባንያ «ሞዴል ቲ» የተባለውን መኪና ከ1908 እስከ 1927 ድረስ (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ15 ሚሊዮን በላይ አምርቷል። ጉልበቱ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ተከታዩ «ሞዴል ኤ» 40 ደረሰ። በ1932 ደግሞ ፎርድ ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ 65 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ «ቪ-8» ሞተር ተራው ሰው ሊገዛው በሚችል መኪና ላይ ገጠመ።

ምን ማለት መሰላችሁ? ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ የአሮጌ መኪና ግቢዎች በእነዚህ መኪኖች ተሞሉ። የተጋጨ መኪና ሞተሩ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ የተቃጠለ መኪና ደግሞ አካሉ ደህና ነው። ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፦ የአንዱ ብልሽት ለሌላው መለዋወጫ ነው።

መሮጫውስ? ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብሎ በሞሃቪ በረሃ ውስጥ እንደ ሙሮክ እና ኤል ሚራጅ ያሉ የደረቁ ሐይቆች አሉ። ወለላቸው ደረቅና ሜዳ ነው። ወጣቶቹ እዚያ እየሄዱ ፍጥነታቸውን በሰዓት ይለኩ ነበር። በ1937 የደቡብ ካሊፎርኒያ የሰዓት መለኪያ ማኅበርን መሠረቱ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልኬት ሲኖር «የእኔ ይበልጣል» የሚለው ክርክር ያበቃል። አንድ ለውጥ ታደርጋላችሁ፣ ትለካላችሁ፣ ታወዳድራላችሁ። ሳይንስ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

እርምጃ አንድ፦ ክብደት ቀንሱ

የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ አስታውሱ። በአንድ ዓይነት ኃይል የተገፋ ነገር መጠነ ቁሱ ባነሰ ቁጥር ፍጥነቱ ቶሎ ይጨምራል። ስለዚህ ወጣቶቹ መፍቻ ይዘው መንቀል ጀመሩ፦ ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ ኮፈን፣ የኋላ ወንበር፣ አንዳንዴም የፊት መስታወት።

በቁጥር እንየው። መኪናው 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት አለው እንበል። አንዱ የፈረስ ጉልበት 25 ኪሎ ይጎትታል ማለት ነው። አሁን 150 ኪሎ ነቅላችሁ ጣሉ። 850 ለ40 ሲካፈል 21 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ክብደቱን ሳትነኩ ይህን ውጤት ለማግኘት 47 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ያስፈልጋችሁ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በመፍቻ ብቻ ሰባት ፈረስ በነጻ አገኛችሁ!

ግን ተጠንቀቁ፤ ሁሉም ነገር አይነቀልም። መሪን፣ ፍሬንን ወይም ሻንሲን የሚያጠነክር ብረት ከነቀላችሁ የቀነሳችሁት ክብደት ሳይሆን ዕድሜያችሁን ሊሆን ይችላል።

እርምጃ ሁለት፦ ሞተሩ በደንብ ይተንፍስ

ሞተር ከሁሉም በፊት የአየር ፓምፕ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ችግሩ ብዙ ጊዜ ነዳጅ ማስገባት ሳይሆን አየር ማስገባት ነው። የድሮው ቪ-8 በአንድ ትንሽ ካርቡሬተር ይተነፍስ ነበር። አፍንጫችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ በቀጭን ስትሮ እየተነፈሳችሁ ሩጡ ብትባሉ የሚሰማችሁን አስቡት። ስለዚህ ወጣቶቹ ሁለት ወይም ሦስት ካርቡሬተር ገጠሙ፤ የጭስ ማውጫውንም አሰፉ። የተቃጠለው ጭስ ቶሎ ካልወጣ ለአዲሱ አየር ቦታ የለም።

እዚህ ላይ ለእኛም የሚሆን ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚስበው አየር ያንኑ ያህል ያንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ አዳማ ወርዶ «መኪናዬ ዛሬ ሞቅ ብሏታል» የሚል ሹፌር እያጋነነ አይደለም።

እርምጃ ሦስት፦ አጥብቆ መጭመቅ

ፒስተኑ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ምን ያህል ይጨምቀዋል? በ1932ቱ ቪ-8 መጠኑ 5.5 ለ1 ነበር። ድብልቁ ይበልጥ ሲጨመቅ ከተቃጠለ በኋላ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ከዚያው ሙቀት ብዙ ሥራ ይወጣል። በንድፈ ሐሳብ 5.5 ለ1 የሆነ ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 49 በመቶውን ወደ ሥራ ሊቀይር ይችላል፤ 8 ለ1 ሲሆን ወደ 56 በመቶ ከፍ ይላል። እውነተኛ ሞተር በሙቀት ብክነትና በሰበቃ ምክንያት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚያገኘው፤ የለውጡ አቅጣጫ ግን ያው ነው።

ርካሹ ዘዴ ቴስታታውን አውጥቶ የታችኛውን ፊቱን በማሽን ጥቂት ማስላግ ነበር። የማቃጠያው ክፍል ይጠብባል፣ ጭመቃው ይጨምራል። ገደቡ ግን አለ፦ ከመጠን በላይ የተጨመቀ ድብልቅ ካንዴላው ካቀጣጠለው በኋላ ጥግ ላይ የቀረው ክፍል በራሱ ይፈነዳል። መካኒኮች «ሞተሩ እያንኳኳ ነው» የሚሉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ርካሽ ቤንዚንና ከፍተኛ ጭመቃ አይስማሙም።

እርምጃ አራት፦ አየርን ማታለል

ፍጥነት ሲጨምር ትልቁ ጠላት አየር ይሆናል። የአየር ግፊያው በፍጥነት ካሬ ያድጋል፤ እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ በፍጥነት ኩብ። ከ100 ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ለአየሩ ብቻ ስምንት እጥፍ ጉልበት ትፈልጋላችሁ። ወጣቶቹ የመኪናውን ጣሪያ ቆርጠው ዝቅ ያደረጉት ለቁንጅና ብቻ አልነበረም፤ አየሩን የሚገፋውን ፊት ለማሳነስም ጭምር ነው።

በጣም ደስ የሚለኝ ግን የነዳጅ ታንኩ ታሪክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተዋጊ አውሮፕላኖች ተጨማሪ ነዳጅ ይይዙባቸው የነበሩ ታንኮች ትርፍ ሆነው በርካሽ ይሸጡ ነበር። ቅርጻቸው እንደ ጠብታ ነው፤ ከፊት ክብ፣ ከኋላ እየቀጠነ የሚሄድ። እኩል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ አየርን የሚጋፈጠው ከጠብታ ቅርጽ በ20 እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ኃይል ነው። ቢል በርክ የተባለ ተወዳዳሪ በ1946 ከእነዚህ ታንኮች አንዱን አካል አድርጎ መኪና ሠራ። አሌክስ ዚዲያስ ደግሞ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ በ1952 በቦኔቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር አካባቢ ደረሰ። ኢንጂነሮች ለአውሮፕላን የደከሙበትን ቅርጽ በትርፍ ዕቃ ዋጋ ማግኘት ማለት ይህ ነው።

የሚረሳው እርምጃ፦ መቆም

እስካሁን ያወራነው ስለ መሄድ ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የሚንቀሳቀስ መኪና የያዘው ጉልበት የመጠነ ቁሱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ነው። 900 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 220 ኪሎ ጁል ገደማ ይይዛል፤ በ160 ሲሄድ ግን 890 ገደማ። ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፣ ጉልበቱ አራት እጥፍ። ይህ ሁሉ በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ሙቀት ሆኖ መጥፋት አለበት። ፍሬኑ ካልተቀየረ የመቆሚያው ርቀትም አራት እጥፍ ይሆናል።

የሞዴል ኤ ፍሬን በብረት ዘንጎች የሚሳብ ነበር፤ የተሠራውም ለ40 የፈረስ ጉልበት መኪና ነው። ብልሆቹ ወጣቶች ሞተሩን ከመቀየራቸው በፊት ከ1939 ወዲህ የወጡትን የፎርድ የዘይት ፍሬኖች ከተጣሉ መኪኖች ነቅለው ይገጥሙ ነበር። በዘይት ፍሬን ውስጥ ግፊቱ ወደ ሁሉም ጎማ እኩል ይደርሳል፤ ዘንግ ግን ይላላል፣ ይጣመማል፣ አንዱን ጎማ ከሌላው አስቀድሞ ይይዛል። ያላደረጉት ደግሞ በከተማ መንገድ ላይ ሲሽቀዳደሙ ራሳቸውንም መንገደኛውንም ገደሉ። በ1951 የአሜሪካ ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር ሲመሠረት አንዱ ዓላማ ሽቅድምድሙን ከመንገድ አውጥቶ ሕግና ምርመራ ወዳለበት ሜዳ መውሰድ ነበር።

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው

* በቅድሚያ ሻንሲውን መርምሩ። ዝገት የበላው ሻንሲ በርካሽ ቢሰጣችሁም ውድ ነው።
* መለዋወጫ በየፊናው ከመልቀም አንድ ሙሉ የተጋጨ መኪና መግዛት ይሻላል። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ሽቦዎቹ እርስ በርስ የሚስማሙ ናቸው፤ የተረፈውንም መሸጥ ይቻላል።
* ፍሬን፣ መሪና ጎማ አንደኛ። ሞተር ሁለተኛ። ቀለም መጨረሻ።
* ለብሎን፣ ለጎማ ቱቦና ለጓርኒሲዮን ገንዘብ አስቀሩ። በጀት የሚበሉት ትናንሾቹ ነገሮች ናቸው።
* በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይኑር። ነዳጅ የነበረበት ታንክ ባዶ ቢመስልም አትበይዱ፤ የሚፈነዳው ተኑ ነው። እንደ ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስም ያሳምማል።
* ብየዳና ፍሬን የሚያውቅ ሰው ሳያየው መኪናው አይንቀሳቀስ። የተቀየረ መኪና የቴክኒክ ምርመራ ሳያልፍ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም።

መኪና ባይኖራችሁስ? ሙከራው አይቀርባችሁም። አራት ጎማ ያለው የእንጨት ጋሪ ሥሩ፣ ቁልቁለት ላይ ልቀቁት፣ በሰዓት ለኩት። መጀመሪያ ግን እንዴት እንደሚቆም ወስኑ። ከዚያ ፊቱን አሹሉት፣ የጎማውን ሰበቃ ቀንሱ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና እንደገና ለኩ። በሙሮክ ሐይቅ ላይ የነበሩት ወጣቶች ያደረጉት ከዚህ የተለየ አልነበረም።