ስለ ካምሻፍት አመራረጥ

ካምሻፍት የሞተሩን ቫልቮች በየተራቸው የሚከፍት ዘንግ ነው። ለእሽቅድምድም የሚሠራው ዓይነት ቫልቮቹን ከፍ አድርጎና አቆይቶ ስለሚከፍት፥ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ኃይሉ ይበረታል። በዝግታ ሲዞር ግን የገባው አየር ከፊሉ ተመልሶ ስለሚወጣ ጉልበቱ ይደክማል፤ መኪናው ቆሞ ሳለም ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

እንግዲህ ደመወዙን ቆጥቦ ይህን ዕቃ ሊገዛ የተነሣ የአርባ ምንጭ ነዋሪ የጨንቻን ዳገት ያስብ። ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ሲወጣ አየሩ ከ10 በመቶ በላይ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል። በጠመዝማዛው መንገድ ለሚያዘግም መኪና የእሽቅድምድሙ ካምሻፍት ኪሳራ ነው፤ ጩኸቱን ለሚወድ ወጣት ካልሆነ በቀር። የፋብሪካውን፥ ቢበዛም ከእርሱ ጥቂት ብቻ የሚበልጠውን ይምረጡ፤ የቫልቩ ሞላ ከአዲሱ ካምሻፍት ጋር መስማማቱንም አስቀድመው መካኒኩን ይጠይቁ።