ውጅግራ ከውስጥ ሲታይ

ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው እንዝርትን ያውቃታል። እየተሽከረከረች ሳለ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ጉልበቷ ሲደክም ትንገዳገድና ትወድቃለች። ጠመንጃ ለምን ዒላማ እንደሚመታ፣ አርጅቶ ደግሞ ለምን እንደሚስት ለማስረዳት ከእንዝርት የተሻለ ምሳሌ የለም።

ውጅግራን እንውሰድ። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ፉዚ ጠመንጃ፣ ግራ ደግሞ የሠራው መኮንን ስም። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ የሚተኩስ፣ 1 ሜትር ከ30 የሚረዝም፣ ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን መሣሪያ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበን የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ገበያ ላይ ተበተነ፤ እኛም ዘንድ በብዛት ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በተሰለፉበት ጦርነት፣ በኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቃታው ወደ ኋላ ይሳባል፣ ጥይቱ ይገባል፣ ቃታው ወደ ፊት ተገፍቶ ወደ ጎን ይታጠፋል። ምላጩ ሲሳብ መርፌው በቀለሁ ቂጥ ያለችውን ትንሽ ቆብ ይመታል። እሷ ስትፈነዳ 5 ግራም ያህል ጥቁር ባሩድ ይቀጣጠላል፤ ጭሱም 25 ግራም የሚመዝነውን እርሳስ ይገፋዋል። እርሳሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነው፤ ወረቀቱ ባይኖር ለስላሳው ብረት የቱቦውን ግድግዳ እየቀባ ይሄድ ነበር።

እንዝርቷ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። በቱቦው ውስጥ ተጠምዝዘው የሚሄዱ አራት ቦዮች ተቆርጠዋል። እርሳሱ ቦዮቹን ነክሶ ስለሚጓዝ ከእነሱ ጋር አብሮ ይሽከረከራል፤ በየ55 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ዙር። ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ስለሚፈጥን፣ ሒሳቡን ብንሠራው በሰከንድ ወደ 800 ጊዜ ይሽከረከራል። አፍንጫው ወደ ዒላማው እንደቀና የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ቦዮቹ ካለቁ እርሳሱ የሚነክሰው ነገር ያጣል፤ ስለዚህ እንደ ደከመች እንዝርት እየተገላበጠ ይሄዳል።

ቦዮቹን የሚጨርሳቸው ግን ተኩስ ብቻ አይደለም። ከቀለሁ ቂጥ ያለችው ቆብ ስትቃጠል የምትተወው ዝቃጭ በኬሚስቶች ቋንቋ ፖታሲየም ክሎራይድ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ጨው ነው። አሞሌ በክረምት እንዴት እንደሚያልበው የሚያስታውስ ሰው ቀሪውን ይገምተዋል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ደብረ ማርቆስ፣ በሐምሌ ጉም፣ ያ ጨው እርጥበት እየሳበ ብረቱን ሌሊቱን ሙሉ ይበላዋል። ብዙ ባለጠመንጃ ደግሞ ዘይት ወይም ቅቤ ቀብቶ ያስቀምጥ ነበር። ዘይት ጨው አያሟሟም! ፍቱን መድኃኒቱ የፈላ ውኃ ነበር፤ በውኃ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ ዘይቱን ከዚያ በኋላ መቀባት።

በእንጨቱ በኩል ግን አያቶቻችን የሚታሙ አልነበሩም። ሰደፉ የተሰነጠቀበት ሰው እርጥብ ጠፍር ይጠመጥምበታል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል። በናስ ሽቦ የታሰሩ፣ በቆርቆሮ የተለበጡም አሉ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ወጥተው አሜሪካ ለሰብሳቢዎች የተሸጡት አሮጌ ጠመንጃዎች ላይ ይህ ሁሉ ጥገና ይታያል፤ ከመካከላቸው ውጅግራም፣ ለበንም፣ በልጅግም ነበሩ። በእኔ ግምት ከጠመንጃው ሁሉ የሚያምረው ያ ጠፍር ነው። ለተኩስ ግን የሚጠቅመው ጥቂት ነው፤ ሰደፉ ደህና ሆኖ ቱቦው የተበላ ጠመንጃ፣ አምሮ የሚታይ ዕውር ነው።

ታዲያ በአሮጌ ጠመንጃ ዒላማ የሚወዳደሩ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ውድድሩ በአውሮፓም በአሜሪካም አለ፤ መነጽር የሌለው፣ የጥንቱን የብረት ማነጣጠሪያ የያዘ ጠመንጃ ነው የሚፈለገው። መጀመሪያ ቱቦውን ይለካሉ። ለስላሳ እርሳስ ከአንዱ ጫፍ ገፍተው በሌላው ያወጡና፣ የቦዮቹ ቅርጽ የታተመበትን እርሳስ በማይክሮሜትር ያነቡታል። የሚተኮሰው እርሳስ ከዚያ ልክ በጥቂቱ መወፈር አለበት፤ ከቀጠነ ጭሱ በጎኑ ያልፈዋል፣ ቦዩንም አይነክስም። ቱቦው ፈጽሞ የተበላ ከሆነ የጠመንጃ ባለሙያ አዲስ የብረት ቱቦ ውስጡ ይከትለታል። በመልክ አሮጌ፣ በሆዱ አዲስ ይሆናል ማለት ነው።

ዋናውን መንካት የማይፈልግ ደግሞ ቅጂ ይገዛል። ከታወቁት ቅጂ ሠሪዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው የጣሊያኑ ፔደርሶሊ ሲሆን፣ ፋብሪካው ብሬሻ አጠገብ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ነው። ብሬሻ ማለት በ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ወደ እኛ የመጣው፣ የጎጃም አርበኛም ማርኮ የተዋጋበት ካርካኖ የተባለው ጠመንጃ ይሠራባቸው ከነበሩት ከተሞች አንዷ ናት። ጥሩ ቅጂ የሚለየውም በእንጨቱ ቀለም ሳይሆን በቦዮቹ ልክ ነው።

በእኛ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝንም ሆነ መጠገንን በፈቃድ አስሮታል። ስለዚህ ቤትዎ ግድግዳ ላይ የአያት ውጅግራ ካለ፣ ፈቃዱን ያጣሩ፤ ጥይት ግን አያጉርሱት። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ በዘመኑ ባሩድ ከተሞላ ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል፣ የሚፈነዳውም ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ነው።